ቁጥሩ የወጣበት ሕግ፦ በባቡር የመጣው የፕራግ ልጅ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ እና 480 ህጻናት (የጉዳይ ጥናት)

ለምን ይሄን ጉዳይ

ይሄን የምጽፈው ሰውዬውን ለማድነቅ አይደለም፣ አድናቆቱ በቂ ተደርጎላቸዋል። እኔን የያዘኝ መጨረሻው ላይ የሆነው ነገር ነው። በስድስት ዓመቱ ብቻውን ባቡር ላይ ተጭኖ ከናዚ ያመለጠ ልጅ፣ አድጎ የእንግሊዝ የሕዝብ ተመራጭ ሆኖ፣ በ83 ዓመቱ መንግስትን ተከራክሮ ለሌሎች ስደተኛ ልጆች ሕግ አስወጣ፣ ከዛ ያው ሕግ በወረቀት ላይ አሸንፎ በተግባር ላይ ተሸራርፎ ቀረ። ምን እንደተደረገ፣ የቱ እንደሠራና የቱ እንዳልሠራ ቅደም ተከተሉን ይዞ ማየት ለማንኛውም መንግስት ቢሮ ፔቲሽን ይዞ ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ፣ በተለይ አውሮፓ ላይ ስለኛ ልጆች ለሚሟገቱ።

ስም አልጠራም። ሰውዬው የአደባባይ ሰው ናቸው፣ ጉጉል ያደረገ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ግን ስም ሲገባ ወሬው ስለሰው ይሆንና ሥራው ይረሳል። ቀኑም ወሩም ዓመተ ምህረቱም ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ልጁ

በ1932 ፕራግ ተወለደ። አባቱ አይሁድ ነው፣ እናቱ ከኦስትሪያ ናት። መጋቢት 1939 ላይ የጀርመን ጦር ፕራግ ሲገባ አባትየው ወዲያው ወደ ለንደን ወጣ፣ እናትየው ግን የመውጫ ፈቃድ ተከለከለች። ልጁ ከዛ ጊዜ የሚያስታውሰው አንዱ ነገር ትምህርት ቤት ውስጥ የሆነ ነው፣ ከመጽሐፋቸው ላይ የፕሬዚዳንታቸውን ፎቶ ቀደው የሂትለርን እንዲለጥፉበት ታዘዙ። የአንደኛ ደረጃ ልጅ ስለ መንግስት ለውጥ ምንም አይገባውም፣ ፎቶ መቅደድ ግን ይገባዋል።

ሰኔ 1939 ላይ እናቱ ባቡር ጣቢያ ወስዳ ከሌሎች ልጆች ጋር ጫነችው። ስንቅ ቋጥራለት ነበር፣ ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ አልነካውም። ሆላንድ ድንበር ሲሻገሩ ትልልቆቹ ልጆች ጮሁ ጨፈሩ፣ እሱ የሚያስጨፍር ነገር እንደሆነ ገባው፣ ለምን እንደሆነ ግን በደንብ አልገባውም። ለንደን ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ አባቱ ቆሞ ጠበቀው። ይሄ በጣም ትልቅ ዕድል ነው፣ እዛ ባቡር ላይ ከነበሩት ልጆች አብዛኞቹ ወላጆቻቸውን ዳግመኛ አላዩም። እናቱም ነሐሴ 31 ቀን ለንደን ገባች፣ ጦርነቱ የተጀመረው በማግስቱ ነው። አባትየው ግን ብዙም ሳይቆይ ሞተ፣ እናትና ልጅ በሰው አገር ከዜሮ ጀመሩ።

ስለ ባቡሮቹ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም በኋላ የሚመጣውን ነገር ለመረዳት ያስፈልጋል። እንግሊዝ ከታህሳስ 1938 እስከ ጦርነቱ መጀመሪያ ድረስ ወደ 10,000 የሚጠጉ ልጆች ተቀብላለች፣ አብዛኞቹ አይሁድ ናቸው። ዛሬ ላይ ሁሉም ሰው ይኮራበታል። በወቅቱ ግን መንግስት ያደረገው በሩን መክፈት ብቻ ነው፣ ወጪውን የሸፈኑት የእርዳታ ኮሚቴዎችና ቤተሰቦች ናቸው፣ ከፕራግ ለሚመጣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 50 ፓውንድ ዋስትና ይጠየቅ ነበር፣ የዛን ጊዜ 50 ፓውንድ ቀልድ አይደለም። ወላጆችም አልተፈቀደላቸውም፣ ልጅ ብቻ። የፕራጉን ሥራ ካስተባበሩት አንዱ ገና ሰላሳ ያልሞላው የለንደን የአክሲዮን ሻጭ ነበር፣ በዚህ መንገድ 669 ልጆች ወጡ። መስከረም 1 ቀን 1939 ሊነሳ የነበረው የመጨረሻው ባቡር 250 ልጆች ይዞ ሊወጣ ነበር፣ ጦርነቱ በዛው ቀን ስለተጀመረ ሳይነሳ ቀረ፣ ከነዛ ልጆች አብዛኞቹ አልተረፉም። የኛ ሰውዬ ማን ወረቀታቸውን እንደጨረሰላቸው ያወቁት 1980ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ አልፎ ነው።

ከዛ እስከ ፓርላማ

ይሄን ክፍል ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል፣ “ስደተኛ ነበር፣ ሎርድ ሆነ” ብለው። መሃሉ ላይ ያለው ግን አሰልቺ የሚመስል ረጅም ሥራ ነው። ለንደን የኢኮኖሚክስና ፖለቲካ ትምህርት ቤት ተማሩ፣ የአካባቢ መስተዳድር ውስጥ ተቀጥረው ሠሩ፣ ከ1971 ጀምሮ የዌስትሚንስተር ካውንስል (የአካባቢ መስተዳድር ምክር ቤት) ተመራጭ ሆኑ። ለፓርላማ ተወዳድረው ተሸነፉ፣ በ1979 በሌበር ፓርቲ ከደቡብ ለንደን ባተርሲ አሸነፉ፣ በ1987 ወንበሩን አጡ፣ በ1992 መልሰው ሞከሩ አልሆነም።

ወንበር ያጣ ፖለቲከኛ ብዙ ጊዜ ወይ አማካሪ ድርጅት ይገባል ወይ ይጠፋል። እሳቸው ግን በ1988 የእንግሊዝ የስደተኞች ካውንስል የሚባለው የእርዳታ ድርጅት ዳይሬክተር ሆኑ፣ እስከ 1995 ቆዩ። በ1994 የላይኛው ምክር ቤት (የሎርዶቹ ምክር ቤት) አባል ተደረጉ፣ ከ1997 እስከ 1999 ደግሞ የሰሜን አየርላንድ ጁኒየር ሚኒስትር ነበሩ፣ የ1998ቱ የሰላም ስምምነት የተፈረመበት ጊዜ ማለት ነው። እንግዲህ 2016 ሲደርስ እኚህ ሰው “ልብ የሚነካ ታሪክ ያላቸው ሽማግሌ” ብቻ አልነበሩም። ካውንስል እንዴት በጀት እንደሚያወጣ ያውቃሉ፣ የስደተኛ ፋይል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ያውቃሉ፣ ሚኒስትር ወንበር ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ ሲመጣለት እንዴት እንደሚያስብም ያውቃሉ። ሰውየው ያለዚህ ልምድ ታሪኩን ብቻ ይዞ ቢመጣ ተጨብጭቦለት ይሸኝ ነበር ባይ ነኝ።

ችግሩ

2015 ላይ ከሶሪያ፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከሱዳን፣ ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያም የተነሳ ብዙ ሰው አውሮፓ ገባ። ከነሱ ውስጥ ወላጅ የሌላቸው፣ ብቻቸውን የሚጓዙ ልጆች ነበሩ። ጥር 2016 ላይ የአውሮፓ ፖሊስ ቢያንስ 10,000 ብቻቸውን የመጡ ልጆች ከተመዘገቡ በኋላ የት እንደገቡ አይታወቅም ብሎ ተናገረ። ግሪክ ደሴቶች ላይ፣ ጣሊያን፣ ሰሜን ፈረንሳይ ካሌ አጠገብ “ጃንግል” የሚባለው ካምፕ ውስጥ፣ ልጆች በድንኳን ያድሩ ነበር። ካሌን የኛ ሰው ያውቀዋል፣ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ከእንጨትና ከላስቲክ የሠሩት የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን እዛው ካምፑ መሃል ነበር። ማታ ማታ ልጆቹ ወደ እንግሊዝ በሚሻገሩ የጭነት መኪኖች ስር ለመግባት ይሞክሩ ነበር፣ የሞቱም አሉ።

የእንግሊዝ መንግስት አቋም ግልጽ ነበር፦ ከሶሪያ ጎረቤት አገር ካምፖች እንወስዳለን፣ አውሮፓ ከገቡት ግን አንወስድም፣ ከወሰድን ሌሎችም ልጆቻቸውን በጀልባ ይልካሉ። ይሄ ክርክር ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው ለማለት ይከብደኛል፣ ደላላ የሚሰማው ወሬ እንዳለ የሊቢያን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ግን አሁን ካሌ ጭቃ ውስጥ ላለው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መልስ አይሰጥም።

የተሄደበት መንገድ

አንድ የህጻናት እርዳታ ድርጅት በ2015 ወደ 26,000 ልጆች ብቻቸውን አውሮፓ ገብተዋል ብሎ ገምቶ፣ የእንግሊዝ ድርሻ 3,000 ይሆናል ብሎ አስልቶ ነበር። ሰውየው ይሄን ቁጥር ይዘው በዛን ጊዜ ፓርላማ ውስጥ በነበረው የኢሚግሬሽን ረቂቅ ሕግ ላይ ማሻሻያ አስገቡ፦ መንግስት 3,000 ብቻቸውን የሆኑ ስደተኛ ልጆችን ከአውሮፓ አገራት ያምጣ። አዲስ ሕግ አላረቀቁም፣ ቀድሞ እየሄደ ባለ ሕግ ላይ ነው የተሳፈሩት፣ ይሄ በራሱ ጥበብ ነው ምክንያቱም መንግስት ያን ሕግ ማጽደቅ ይፈልጋል፣ ጊዜም ገደብ አለው።

የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ጠርታቸው ሐሳቡን እንዲያነሱት እንደጠየቀቻቸው ራሳቸው በኋላ ተናግረዋል፣ እምቢ አሉ።

መጋቢት 21 ቀን 2016 ላይኛው ምክር ቤት 306 ለ 204 አሳለፈው። ሚያዝያ 25 ቀን የታችኛው ምክር ቤት 294 ለ 276 ጣለው፣ ልዩነቱ 18 ድምጽ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ወሳኙ ነገር የመጣው። የታችኛው ምክር ቤት የጣለው የገንዘብ ጉዳይ ነው በሚል ነው፣ በእንግሊዝ ወግ ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ የሚነካ ነገር ላይ የላይኛው ምክር ቤት ድርቅ ብሎ ያንኑ መልሶ መላክ አይችልም። ስለዚህ ቃሉን መቀየር ነበረባቸው። በማግስቱ 3,000 የሚለው ወጥቶ “የተወሰነ ቁጥር” የሚል ገባ፣ ቁጥሩን መንግስት ልጆቹን ተረክበው ከሚይዙት ካውንስሎች ጋር ተመካክሮ ይወስናል ተባለ። በዚህ መልኩ 279 ለ 172 አለፈ።

ከዛ ግፊቱ ከመንግስት ወገን ተመራጮችም መምጣት ጀመረ፣ በባቡር የመጡት የቀድሞ ልጆችም ድምጻቸውን አሰሙ፣ ጋዜጦቹም ገቡበት፣ በሚቀጥለው ድምጽ መንግስት ሊሸነፍ እንደሚችል ሲታይ ግንቦት 4 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሺ አለ። ግንቦት 12 ቀን ሕግ ሆነ፣ አንቀጽ 67። ሰው ሁሉ ግን በሰውየው ስም ነው የሚጠራው።

የሠራው

አንደኛ የግል ታሪካቸው ሠርቷል፣ ግን የሠራው አጠቃቀሙ ልክ ስለነበረ ነው። በየክርክሩ አልደረደሩትም። እንግሊዝ ራሷ የምትኮራበትን ነገር አንስተው “ያኔ እኔን ተቀበላችሁ፣ ዛሬስ?” የሚል ጥያቄ አስቀመጡ፣ መንግስት ለዚህ መልስ ሲያጣ ይታያል። የ1939ኙን ባቡር እያወደስክ የ2016ቱን ልጅ መመለስ በካሜራ ፊት ይከብዳል።

ሁለተኛ የወገን ድንበር ማለፋቸው። ሌበር ናቸው ግን ድምጹን የቀየረው የሌላው ፓርቲ ሰው ነው፣ የሃይማኖት አባቶችም፣ ከየትኛውም ፓርቲ ያልሆኑ የላይኛው ምክር ቤት አባላትም ነበሩበት።

ሰዎች መጥተዋል፣ ይሄን መርሳት የለብንም። ጥቅምት 2016 ካሌ ካምፕ ሲፈርስ ከ750 በላይ ልጆች ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ፣ አብዛኞቹ እዛ ዘመድ ስላላቸው በሌላ የአውሮፓ ደንብ ነው፣ 200 ያህሉ ግን በዚህ አንቀጽ። በዚህ አንቀጽ መጀመሪያ ከገቡት ውስጥ ብዙዎቹ ኤርትራውያን ሴት ልጆች ነበሩ። ፕራግ ላይ የተጀመረ ታሪክ በትግርኛ ተናጋሪ ልጆች ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ያልሠራው

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ነው የምሄደው ምክንያቱም ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው።

ቁጥሩ ሲወጣ ሁሉም ሰው በልቡ 3,000 እያለ ነበር። ጋዜጦች 3,000 እያሉ ይጽፉ ነበር፣ ዘመቻ የሚያደርጉትም እንደዛው። ሕጉ ላይ ግን የለም። ፊርማ ያረፈበት ባዶ ደረሰኝ ነው የተሰጠው፣ ቁጥሩን የሚሞላው ደግሞ መጀመሪያ መክፈል ያልፈለገው ወገን ነው።

የካቲት 8 ቀን 2017 መንግስት 350 ላይ እንደሚቆም አስታወቀ፣ ቀድመው የገቡትን 200 ጨምሮ። ምክንያቱ ካውንስሎች ያላቸው ቦታ ይሄው ነው የሚል ነው። ሚያዝያ ላይ ደሞ ይቅርታ፣ በአስተዳደር ስህተት የአንድ ክልል 130 ቦታ ሳይቆጠር ቀርቶ ነበር ተባለና 480 ሆነ። እስቲ አስቡት፣ 130 ልጅ በስህተት! ማንም ዝም ብሎ ቢቀበለው ኖሮ ያ ቦታ ባዶውን ይቀር ነበር። ካውንስሎቹ ደግሞ ከማዕከላዊ መንግስት የሚላክልን ገንዘብ ወጪውን አይሸፍንም እያሉ ያጉረመርሙ ስለነበር፣ “ስንት ቦታ አላችሁ” የሚለው ጥያቄ በተዘዋዋሪ “ስንት ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ” የሚል ነው። በንዲህ ያለ ጥያቄ ትልቅ ቁጥር አይመጣም። ካውንስል ውስጥ ያደጉት ሰውዬ ሐሳባቸው የተገደበው በካውንስል ቁጥር መሆኑ ትንሽ ያሳዝናል።

ሁለተኛው ማን ይገባል የሚለው መስፈርት ነው። ሕጉ “ብቻቸውን የሆኑ ስደተኛ ልጆች” ብቻ ነው የሚለው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ቢሮው ግን ከመጋቢት 20 ቀን 2016 በፊት አውሮፓ የገባ የሚል ቀን ጨመረበት፣ አውሮፓና ቱርክ ያደረጉት ስምምነት የጀመረበት ቀን ነው። ካሌ ከፈረሰ በኋላ ደሞ ኅዳር 2016 ላይ በወጣው መመሪያ ልጁ ወይ 12 ዓመትና ከዛ በታች መሆን፣ ወይ ለወሲብ ብዝበዛ የተጋለጠ መሆን፣ ወይ 15 ዓመትና ከዛ በታች ሆኖ የሶሪያ ወይም የሱዳን ዜጋ መሆን አለበት ተባለ፣ ከነዚህ የአንዱ ታናሽ ወይም ታላቅ ካልሆነ በስተቀር። ዜግነቱ የተመረጠው ጥገኝነት በመጀመሪያ ውሳኔ በብዛት የሚፈቀድላቸው አገሮች በሚል ነው። ውጤቱን ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ የ14 ዓመት የአስመራ ልጅና የ14 ዓመት የሐረርጌ ልጅ በዚህ ወጡ። የሚገርመው የኤርትራውያን የመጀመሪያ ውሳኔ ቁጥር የወረደው ቢሮው ራሱ በ2015 ባወጣው አወዛጋቢ የአገር መረጃ ምክንያት ነው፣ ብዙዎቹ ይግባኝ ሲሉ ያሸንፉ ነበር፣ ጥቅምት 2016 ላይም የኢሚግሬሽን ይግባኝ የሚያየው ችሎት ያን አቋም የሚያፈርስ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። መስፈርቱ የወጣው ከዛ በኋላ ነው!

ያልተቀበሏቸው ልጆች ለምን እንደሆነ በቂ ምክንያት አልተነገራቸውም። ካሌን ያግዝ የነበረ አንድ የበጎ ፈቃድ ድርጅት ከሰሰ፣ 2017 ላይ ተሸነፈ፣ ጥቅምት 2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለልጆቹ የተሰጠው ምክንያት ፈጽሞ በቂ አይደለም፣ ከሕግ ውጭ ነው ብሎ ፈረደ። የቁጥሩ ነገር ላይ ግን ለመንግስት ፈረደ፣ የካውንስሎቹ ምክክር ሕጋዊ ነው አለ። ቀድሞውኑ ሕጉ ላይ ቁጥር ስለሌለ ዳኛው ምን ይዞ ይከራከር? 480ው የሞላው 2020 ላይ ነው፣ ሕጉ ራሱ “በተቻለ ፍጥነት” ይላል፣ አራት ዓመት።

ከዛ በኋላም ሰውየው አልቆሙም። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ልጆች ዘመዶቻቸው ጋር የሚቀላቀሉበት መንገድ እንዳይዘጋ በ2018ቱ የመውጫ ሕግ ውስጥ መንግስት እንዲደራደር የሚያስገድድ አንቀጽ አስገቡ። በ2020 መጀመሪያ አዲሱ መንግስት አንቀጹን አላልቶ በሪፖርት ግዴታ ተካው። የላይኛው ምክር ቤት 300 ለ 220 ተቃወመ፣ ታችኛው በማግስቱ ቀለበሰው። ትልቅ የድምጽ ብልጫ ያለው መንግስት ሲመጣ የ2016ቱ ዘዴ አልሠራም፣ ያኔ ያሸነፉት በ18 ድምጽ ልዩነት ውስጥ ስለተጫወቱ ነው።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

ቁጥሩን መልቀቃቸው ጥፋት ነበር ወይ? ብዙ አሰብኩበት፣ እኔ አይደለም ባይ ነኝ፣ ባይለቁ ሕጉ ራሱ አይኖርም ነበር፣ 480 ልጅ ከዜሮ ይሻላል። ግን ቁጥር ሲወጣ በምትኩ ሌላ ነገር ማስገባት ይቻል ነበር። ለምሳሌ መንግስት ቁጥሩን በየዓመቱ ከልሶ ለፓርላማ ያሳውቅ፣ ወይ ካውንስል ተጨማሪ ቦታ ካቀረበ ቁጥሩ ይጨመር፣ ወይ እስከዚህ ቀን ድረስ ይጀመር የሚል። “እንደ አስፈላጊነቱ”፣ “በተቻለ መጠን”፣ “ከሚመለከታቸው ጋር በመመካከር” የሚሉ ቃላት ያሉበት ደብዳቤ እጁ የገባ ሐበሻ ምን እንደሚከተል ያውቃል፣ ያው ነው በእንግሊዝኛም።

ሌላው፣ ዘመቻው ሕጉ በጸደቀበት ቀን ማለቅ አልነበረበትም። እውነተኛው ድርድር የተካሄደው ከዛ በኋላ ነው፣ በየካውንስሉ ቢሮ፣ ቦታ ስንት አላችሁ የሚል ኢሜል ሲላክ። 130 ቦታ የጠፋው እዛ ነው። ለንደንም ሆነ ሊድስ ያለ የኮሚኒቲ ማኅበር በፓርላማ ፊት ሰልፍ ከሚወጣበት ጉልበት ግማሹን እያንዳንዱ ካውንስል ስንት ቦታ እንዳስመዘገበ ጠይቆ በጽሑፍ ቢይዝ ስህተቱ ቶሎ ይታይ ነበር። አገሩ ላይ መረጃ የመጠየቅ ሕግ አለ፣ ነጻ ነው፣ ካውንስል በ20 የሥራ ቀን ውስጥ መመለስ አለበት።

መስፈርት የሚወጣው በመመሪያ ነው፣ ሕግ ላይ አይታይም። ዜግነት፣ ዕድሜ፣ የመግቢያ ቀን፣ እነዚህ ሦስቱ ከሕጉ በላይ ሰው ይቆርጣሉ። ስለዚህ ልጅ የሚያግዝ ሰው የመጀመሪያ ቀን ማድረግ ያለበት ልጁ መቼ የት አገር እንደገባ የሚያሳይ ማንኛውንም ወረቀት ማስቀመጥ ነው፣ የጣሊያን የአሻራ ወረቀት፣ የካምፕ ካርድ፣ የሆስፒታል ወረቀትም ቢሆን። እምቢ ከተባለም ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ፣ የ2018ቱ ፍርድ የተሰጠው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው።

የሰውየውን የግል ታሪክ በተመለከተ ደሞ፣ ስደተኛ የነበረ ሰው ባለሥልጣን ሆኖ ሲናገር ይሰማል፣ ግን የተሰማቸው ከ1971 ጀምሮ ካውንስል፣ ፓርላማ፣ የስደተኞች ድርጅት፣ ሚኒስቴር እያሉ ስለቆዩ ነው። እዚህ ያሉ ልጆቻችን ውስጥ ለካውንስል ምርጫ ለመወዳደር የሚያስብ ካለ፣ ያን ደረጃ ትንሽ ነው ብሎ አይናቀው፣ 480ው የተወሰነው እዛ ነው።